የዘለልኳቸው አራት ገጾች

ይህ ነገር የደረሰብኝ ኩዌት ውስጥ፣ ሳልዋ በሚባለው ሠፈር በሰው ቤት ስሠራ፣ ኮሮና ሁላችንንም በር ዘግቶብን በነበረበት በመጀመሪያው ዓመት ነው። ከእሑድ ጀምሮ ሐሙስ ያለቀ ነገር ነው። ለሰው ሳወራው ትንሽ ይመስላል። አንድ መጽሐፍ፣ አንዲት ጎረቤት፣ ጥቂት የስልክ ጥሪ፣ ሌላ የለውም። እኔ ግን ከዚያ ሐሙስ በፊት የነበረችውን እኔን፣ የሺን፣ ሳስባት የማውቃት ሌላ ሴት ትመስለኛለች።

ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። የተወለድኩት ደሴ ነው። አሥራ አራት ዓመቴ ላይ፣ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ አባቴ በሽታ ጣለውና እናቴ ከትምህርት አስወጥታ ሰው ቤት አስገባችኝ። ታናሽ ወንድሜ ሙሉጌታ ትምህርቱን ቀጠለ። መጀመሪያ እዚያው ደሴ፣ ቀጥሎ አዲስ አበባ፣ በመጨረሻም ኩዌት፣ አሥራ ሁለት ዓመት የሰው ቤት ጠረግኩ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከእናቴ ጋር ተጣልተን አናውቅም። አንነጋገርም እንጂ። የምደውለው ለሙሉጌታ ነው። «እማዬን ሰላም በልልኝ» እለዋለሁ፤ «እሷም ሰላም ብላሻለች» ይለኛል፤ በዚሁ ያልቃል። ላገናኝሽ ሲለኝ ማዳም ጠራችኝ ብዬ እዘጋለሁ።

ከትምህርት ቤት የወጣሁ ቀን የአማርኛ አስተማሪያችን አንድ መጽሐፍ ሰጡኝ። ሽፋኑ የለም፤ የፊተኞቹ ገጾችም ወልቀዋል፤ ስለዚህ ርዕሱንም ደራሲውንም እስከ ዛሬ አላውቅም። ከውጭ ቋንቋ የተመለሰ የድሮ ልብ ወለድ ነው። አስተማሪዬ እሳቸውም፣ እሳቸውን ያስተማሩትም ሰው በልጅነታቸው ያነበቡት መሆኑን ነግረውኛል። በባሕር ዳር ያለች አንዲት የጨው ከተማ ውስጥ ስለሚኖር የድሃ ቤተሰብ ነው። አባትየው ጨው ተሸካሚ ነው፤ እናትየው ልብስ አጣቢ ናት፤ ሊዲያና ቶማስ የሚባሉ ሁለት ልጆች አሏቸው። ታሪኩ ሊዲያ ከሕፃንነቷ እስክታድግ ያየችውን ሁሉ ይተርካል። መጽሐፉ መሃል ላይ እናትየው ሊዲያን ከትምህርት ቤት አስወጥታ ለጨው ነጋዴው ቤት ገረድ አድርጋ ትሰጣታለች። ይህን ሳነብ አስተማሪዬ ለምን ለእኔ እንደሰጡኝ ገባኝ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ በየሄድኩበት ሻንጣዬ ውስጥ አለ።

ሰዓት እላፊው ሙሉ ቀን የሆነ ጊዜ ረመዳን ነበር። ማዳሜ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ፈሪ ግን ነበረች። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በሳሙና ይታጠባል፤ የበር እጀታ በቀን አራት ጊዜ በክሎር ይወለወላል። እኔ፣ እንኳን ከቤት መውጣት፣ ቆሻሻ እስከ በር ማድረስም ተከልክያለሁ። ከዙህር፣ ማለት ከቀትር ሶላት፣ እስከ ከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ድረስ ግን ቤቱ በሙሉ ይተኛል። ያ ሰዓት የእኔ ነበር። ክፍሌ ጣራው ላይ፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ነበርና እዚያ ሆኜ ከሰው ጋር በስልክ እጫወታለሁ።

ማንበብ የጀመርኩት በሂሩት ምክንያት ነው። ሂሩት ሳልሚያ በሚባል ሠፈር በአንድ የሴቶች ፀጉር ቤት የምትሠራ ጓደኛዬ ናት። ፀጉር ቤቱ ተዘግቶ አምስት ሆነው አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ነበርና «ግድግዳውን ቆጥሬ ጨረስኩ፣ የሆነ ነገር አውሪኝ» ስትለኝ ከመጽሐፉ ጥቂት ገጽ በድምፅ ቀድቼ ላክሁላት። በማግስቱ ድገሚኝ አለች። ከዚያ በቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው፣ ሹዌኽ ሠፈር መጋዘን ውስጥ ሹፌር የሆኑት ጋሽ ተሾመ ሰምተው እኔንም ጨምሩኝ አሉ። አራተኛዋ ዘይነባ ናት።

ዘይነባ የጎረቤታችን ቤት ሠራተኛ ነበረች። የሁለቱ ቤቶች ጣራ ጎን ለጎን ስለሆነ ልብስ ስናሰጣ በአጥሩ ላይ እንነጋገራለን። አርባ ዓመት ይሆናታል፤ ከሐይቅ ከተማ አቅራቢያ ካለ ገጠር የመጣች የወሎ ሴት ናት። እትዬ ነው የምላት። ፊደል አልቆጠረችም። አንድ ልጅ አለቻት፤ ሐያት ትባላለች፤ ያኔ አገር ቤት ከአያቷ ጋር ነበረች። እሷን ለማስተማር ስትል እዚህ አገር ዘጠኝ ዓመት ቆይታለች።

አራታችን አንድ መጽሐፍ እየሰማን አራት ሌላ ሌላ መጽሐፍ የሰማን ይመስል ነበር። ሂሩት የምትወደው ሊዲያ ነጋዴው ቤት ያየችውን ነበር። ይህን የጻፈ ሰው በእርግጥ ሰው ቤት ሠርቷል፣ አለዚያ የእመቤቲቱን የቁም ሳጥን ሽታ ከየት ያውቃል ትላለች። ጋሽ ተሾመ የሚያዝኑት ለአባትየው ነው። እኔ ሰካራም እያልኩ የማልፈውን ሰውዬ እሳቸው ደክሞት ነው ይሉኛል። አንድ ጊዜ ጨው ተሸካሚው ልጆቹን ሳያናግር የሚተኛበትን ቦታ ካነበብኩ በኋላ የላኩልኝ ድምፅ ላይ የመጋዘኑ ማራገቢያ ብቻ ይሰማ ነበር። ዘይነባ ደግሞ ጥያቄዋ ሌላ ነው። ዛሬ ምን በሉ? ማገዶው ከየት መጣ? ልጁ ሲያስለው የሚያጠጡት ነገር የለም? መጽሐፉ ይህን አይናገርም ስላት ደራሲው ወንድ መሆን አለበት ትለኛለች።

ቅዳሜ ዕለት ጣራ ላይ ስንገናኝ ዘይነባ ስለ ሐያት ነገረችኝ። ያኔ አገር ቤትም ትምህርት ቤት ሁሉ ተዘግቶ ነበር። የዘይነባ ወንድም እንድሪስ ትምህርት ቤቱ መቼም አይከፈትም፣ ልጅት ቤት ቁጭ ብላ ሰው ያማታል፣ አዲስ አበባ ደህና ቤት ተገኝቶላታል፣ ጥቂት ሠርታ ዕድሜዋ ሲደርስ ፓስፖርት አውጥታ እናቷ ዘንድ ትሄዳለች ብሎ ነግሯታል። የሚወስዳት ሰው የሚመጣው በሚቀጥለው ሐሙስ ጠዋት ነው። እሷም እሺ ብላለች። ይህን ስትነግረኝ የትራስ ጨርቅ እያሰጣች ነበር፤ ጨርቁን ደጋግማ ታቃናዋለች።

«አሥራ አራት ዓመቷ ነው አይደል?» አልኳት።

«ገና ሞላት» አለችኝ።

ለታላቅ ሰው፣ ያውም ለእናት፣ ይህን አታድርጊ ማለት የእኔ ቦታ አልመሰለኝም። እሑድ የሚነበበው ምዕራፍ ግን እናትየው ሊዲያን ለነጋዴው የምትሰጥበት ነበር። ተኝቼ ሳስበው መጽሐፉ በእኔ ፋንታ ይናገርልኛል አልኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። በዚያ ምዕራፍ ውስጥ እናትና ልጅ ጨው ሜዳውን አቋርጠው ወደ ነጋዴው ቤት የሚሄዱበት አራት ገጽ አለ። እናትየው በመንገድ ላይ ቁጭ ብላ ለምን እንዲህ እንዳደረገች ለልጇ ትናገራለች። እኔ እነዚያን ገጾች ያነበብኳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በአሥራ አራት ዓመቴ። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉን አሥር ጊዜ ሳነብ አሥር ጊዜም ዘለልኳቸው። እሑድ ዕለትም ዘለልኳቸው። ይሄኛው ግን እንደ በፊቱ ንዴት ብቻ አልነበረም። እናትየው ምክንያቷን ከተናገረች ዘይነባ ልቧ ይረጋል፤ ዝም ካለች ግን ክፋቷ ይታያታል ብዬ ነው። ስለዚህ እናትየው ልጇን እጇን ይዛ ወሰደቻት፤ በነጋዴው ደጃፍ ትታት ተመለሰች ብዬ አነበብኩና ምዕራፉን ዘጋሁት።

ሂሩት ወዲያው እናትየዋን ረገመቻት። ጋሽ ተሾመ ዕድሏ ነው ምን ታድርግ አሉ። ዘይነባ ምንም አልላከችም። ሰኞም ማክሰኞም ያነበብኩትን አልሰማችም። ጣራ ላይም ልብስ የምታሰጣው እኔ በሌለሁበት ሰዓት ነበር። አስቀይሜያታለሁ፤ ሐሙስ ደግሞ እየቀረበ ነው። ማዳም ወጥ ቤት ውስጥ ሁለቴ ጠርታኝ አልሰማኋትም። ታመሻል እንዴ ብላ ግንባሬን በትኩሳት መለኪያ ለካችኝ።

ረቡዕ ከዙህር በኋላ ወደ ጣራ ስወጣ ዘይነባ አጥሩን ተደግፋ ጠበቀችኝ። ሙቀቱ ያቃጥላል። እሷ ደግሞ ጾመኛ ናት፤ የፊት መሸፈኛዋን አገጯ ሥር ዝቅ አድርጋ ትተነፍሳለች።

«አንቺ ልጅ፣ እሑድ ያነበብሽልን ጎዶሎ ነው» አለችኝ።

እንዴት አልኳት።

«ጨው ሜዳው ሰፊ ነው ብለሽን ነበር። አባትየው ለመሻገር ግማሽ ቀን ይፈጅበታል ብለሻል። ታዲያ እናትና ልጅ ያን ሁሉ መንገድ ሲሄዱ ምንም አልተባባሉም? እናት እንደዚያ ዝም ብላ አትሄድም። ወይ ትቆጣለች፣ ወይ ታለቅሳለች፣ ወይ ትዋሻለች። የዘለልሽው አለ።»

ፊደል የማታውቅ ሴት ናት ይህን ያለችኝ። ፊቴ እስኪሞቀኝ አፈርኩ። ልዋሽ አልቻልኩም፤ ዘልያለሁ አልኳት። ለምን ስትለኝ ግማሹን ብቻ ነገርኳት። እኔም በአሥራ አራት ዓመቴ እንደዚያ መሰጠቴን፣ እነዚያን ገጾች ማንበብ እንደማልወድ ነገርኳት። ስለ ሐያት ብዬ መሆኑን አልተናገርኩም። እሷ ግን ገብቷታል መሰለኝ፤ አምጪና አንብቢው አለችኝ።

ከክፍሌ መጽሐፉን አምጥቼ አጥሩ ሥር ባለችው ጥላ ቆምኩ። እሷ በዚያኛው በኩል፣ እኔ በዚህኛው። በድምፅ መቅጃ ሳይሆን ለሰው ጆሮ ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው። ገጾቹ ብዙ ስላልተነኩ ከሌሎቹ ይልቅ ነጭ ነበሩ።

እናትየው ሜዳው መሃል ሲደርሱ ጨው ቆፋሪዎች በተዉት ጉድጓድ አጠገብ ትቀመጣለች። ልጅቱን አጠገቧ ታስቀምጣታለች። ከዚያ ትናገራለች። ቶማስ ሳንባው ደካማ ነው፤ ከትምህርት ቤት ካወጣሁት የሚጠብቀው ጨው መሸከም ነው፤ ጨው ደግሞ ሁለት ክረምት አያሳድረውም። አንቺን ካወጣሁሽ ትኖሪያለሽ፤ እኔን ግን ትጠይኛለሽ። ከሚሞትብኝና ከምትጠላኝ የምትጠላኝን መረጥኩ ትላለች። ልጅቱ አትመልስም። ይነሳሉ፤ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።

አንብቤ ጨረስኩ ማለት አልችልም፤ የመጨረሻዎቹን መስመሮች በሹክሹክታ ነው ያልኳቸው። ዘይነባ ዓይኗ መሬት ላይ ነበር።

«ይቺ ሴት ምክንያት አላት» አለች።

አበቃ፣ እንደፈራሁት ሆነ አልኩ በሆዴ። እሷ ግን ቀጠለች።

«እኔስ? የኔ ልጅ የታመመ ወንድም የላትም። የሚሞትብኝ ሰው የለም። እንድሪስ ሰው ያማታል አለኝ፤ እኔም የሰው አፍ ፈራሁ። ይኸው ነው። ሐያት አንድ ቀን እንደዚህ መንገድ ላይ አስቀምጣ ብትጠይቀኝ የምነግራት ነገር የለኝም።»

ከዚያ ስልኳን ከኪሷ አወጣች።

የእንድሪስ ስልክ ዝግ ነበር። ደግማ ሞከረች፤ ዝግ ነው። እሷ እንደነገረችኝ መብራት ሲጠፋ የሠፈሩ ስልክ ሁሉ ባትሪው አልቆ ይዘጋል። በዚያ ገጠር ሌላ የምታውቀው ቁጥር የላትም። የሚወስዳትንም ሰው ቁጥር አልያዘችም። እኔም በራሴ ስልክ ሞከርኩ። የአስር አዛን ሲሰማ የሁለታችንም ቤት መንቃት ጀመረ፤ ለማፍጠሪያው መሥራት አለብን። ዘይነባ ደረጃውን ስትወርድ እንደ ሰካራም ግድግዳ ትይዝ ነበር።

ወጥ ቤት ሳምቡሳ እየጠቀለልኩ አሰብኩ። ከደሴ ሐይቅ ሩቅ አይደለም። ደሴ ያለ ሰው ጠዋት ቢነሳ ይደርሳል። ሙሉጌታ ግን ኮምቦልቻ ሕንፃ ሥራ ላይ ነው፤ ትራንስፖርት ሲከለከል እዚያው ቀርቷል። ደወልኩለት። ከሥራ ቦታው ማንንም አያስወጡም አለኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ እንዲህ አለኝ፤

«እማዬ አለች እኮ። የድሮው ስልኬ እሷ ጋ ነው፣ ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። ስልኩን ለእናቴ ትቶላት መሄዱን ካወቅኩ ጀምሮ ወደዚያ ቁጥር አልደወልኩም ነበር። ዘይቱ እስኪግል ድረስ ቆሜ ቁጥሩን አየሁት። ዘይቱ ሲግል እሳቱን አጠፋሁና ደወልኩ።

«ሙሉጌታ የለም፣ ኮምቦልቻ ነው» አለች እናቴ ገና ሃሎ ሳልላት። እሱን ፈልጌ የደወልኩ መስሏት ነው።

«አንቺን ነው የፈለግኩት፣ እማዬ።»

ከዚያ ሌላ ነገር ውስጥ ሳልገባ፣ እንደምን ነሽ ሳልላት፣ ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። ጎረቤት አለችኝ፣ ልጇ ነገ ጠዋት ልትወሰድ ነው፣ እናትየው ሐሳቧን ለውጣለች፣ ስልክ አይሠራም። ስትሰማ ቆይታ ዕድሜዋን ጠየቀችኝ። አሥራ አራት አልኳት። ከዚያ በኋላ የነበረው ዝምታ ካርዴ ያለቀ እስኪመስለኝ ድረስ ረጅም ነበር።

«እኔን እንዴት ያምኑኛል?» አለችኝ በመጨረሻ።

ዘይነባን በድምፅ ጠየቅኳትና መልሱን ላከችልኝ። እንድሪስ በልጅነቱ ከሾላ ዛፍ ወድቆ ግራ ክንዱ ሲሰበር ሁለት ቀን ለአባታቸው ሳትናገር ደብቃ ያሸችው ዘይነባ መሆኗን፣ ይህን ከሁለቱ በቀር ማንም እንደማያውቅ እናቴ እንድትነግረው። መንገዱንም አስረዳች፤ ከተማው ሳይደረስ መስጊዱ ጋ መውረድ፣ ከዚያ ወደ ሐይቁ በኩል በእግር። ለእናቴ ደውዬ አንድ በአንድ ነገርኳት። ክንዱ፣ ሾላው፣ መስጊዱ እያለች ደገመችልኝ። ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት የተናገረችው «ጫማዬን ላዘጋጅ» የሚል ብቻ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ከጀምዒያው፣ ማለት ከሠፈሩ የኅብረት ሱቅ፣ የታዘዘው ዕቃ መጣ። ማዳም ከጎኔ ቆማ እያየችኝ እያንዳንዱን ነገር በሳሙና አጥባለሁ። የወተት ካርቶን፣ የቲማቲም ቆርቆሮ፣ የብርቱካን ፍሬ አንድ በአንድ። ስልኬ በሽርጤ ኪስ ውስጥ ነው። እናቴ ካገር ቤት ለመደወል አቅም ስለሌላት ሚስኮል አድርጊልኝና እኔ እደውላለሁ ብያታለሁ። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ብጠብቅም ዝም ነው። አራት ሰዓት ሆነ፤ ዝም ነው። ትራንስፖርት ቢፈቀድም መኪናው በግማሽ ነው የሚጭነው፤ ምናልባት ተሳፋሪ ሞልቶ ቀርታ ይሆናል አልኩ። ምናልባት ከልጅቱ ጋር በመንገድ ተላልፈው ይሆናል። ዘይነባ በየጊዜው ጥያቄ ምልክት ብቻ ትልክልኛለች፤ ምልክቷን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ስልኬ አንድ ጊዜ ነዘረና ጠፋ። ቀጥሎ ሁለተኛ። ቀጥሎ ሦስተኛ። እጄ በሳሙና ተለውሷል። ማዳም ወደ ኪሴ አየች።

ማን ነው ብላ ጠየቀችኝ።

«ኡሚ» አልኳት። እናቴ ናት ማለቴ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ይህን ቃል በዚያ ቤት ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ማዳም እናት ያለኝ አልመሰላትም ነበር መሰለኝ ግራ ገባት። ከዚያ የያዝኩትን ብርቱካን ከእጄ ወስዳ ሂጂ በሚል አገጯን ወደ በሩ ቀስራ ራሷ ማጠብ ጀመረች።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ደወልኩ። እናቴ ትንፋሿ ይቆራረጣል።

«ልጅት አጠገቤ ናት» አለችኝ። «ቤቷ ናት። ሰውየው ሄዷል።»

ሌላውን ከእሷም፣ በኋላ ከሐያትም፣ እንድሪስ ለዘይነባ ከተናገረውም እየለቃቀምኩ ነው ያወቅኩት። እናቴ መኪና አጥታ እስከ ግማሽ መንገድ በእህል መኪና ሄዳለች። መስጊዱ ጋ ስትወርድ አንዲት ልጅ ፌስታል ይዛ ከአንድ ጎልማሳ ጋር መንገድ ዳር ቆማ መኪና ስትጠብቅ አየች። ሐያት ነሽ ብላ ጠየቀቻት። ልጅቱ አዎ ስትላት ፌስታሏን ከእጇ ወስዳ ብብቷ ሥር ሸጎጠችው። ሰውየው ተቆጣ፤ እንድሪስም ሮጦ መጣ። እናቴ የሾላውን ነገር ብትነግረውም ክንዱን ይዞ ቆመ እንጂ አላመነም። ሰው ተሰበሰበ። ያን ጊዜ እናቴ፣ በሰው ፊት መናገር የማታውቀው እናቴ፣ የፊት መሸፈኛዋን አውርዳ እንዲህ አለቻቸው፤

«እኔም አንዷን በዚህች ልጅ ዕድሜ ሰጥቻለሁ። አልሞተችም፤ ጤነኛ ናት፤ የላከችውን እንበላለን። ድምፅዋን ግን ትናንት ስትደውል አላወቅኩትም።»

ይህን ሰምቶ የተሰበሰበው ሰው ልጅቱ ትመለስ አለ፤ ሰውየውም ብቻውን ሄደ። እናቴ ያለችውን የነገረችኝ ሐያት ናት። እናቴ ለእኔ አልነገረችኝም።

እንድሪስ ለእኅቱ በማግስቱ መብራት ሲመጣ ደወለላት። አኩርፎ ነበር። ለብዙ ወራትም አኩርፎ ቆየ፤ በሠፈሩ ፊት አዋረድሽኝ ይላታል። ሁሉም ነገር ቀና አልሆነም። የዘይነባ እናት አርጅተዋልና ሐያትን የሚጠብቃት አስቸግሮ ነበር። ከዚያም በኋላ በአገራችን ላይ የመጣው መከራ እነሱንም እኛንም ከቤት አስወጥቷል። ሐያት ትምህርቷን ሁለቴ አቋርጣ ሁለቴ ተመልሳለች። ሒሳብ አይገባትም፤ ስትደውልልኝ ስለ ሒሳብ ታማርራለች። እኔ ማማረሯን ለመስማት እደውላለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ስለ መጽሐፍ የማውቀው ብዙ አይደለም፤ ስምንተኛ ክፍልን አልጨረስኩም። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ያን መጽሐፍ አሥራ ሁለት ዓመት ተሸክሜ ስዞር የማነብበው ቂሜ እንዳይቀዘቅዝ ነበር። እሳት እንደምትጠብቅ ሴት በየጊዜው እቆሰቁሰው ነበር። ምክንያቷን ሰምቼ ይቅር ማለት ይኖርብኛል ብዬ ፈርቼ ነው የዘለልኳት። ዘይነባ ሰምታት ይቅር አላለቻትም፤ አልፈረደችባትምም። ራሷን ጠየቀች እንጂ። በሰው ታሪክ ራስን መጠየቅ እንደሚቻል ያየሁት ያን ቀን ጣራ ላይ ነው።

ከእናቴ ጋር በአንድ ቀን እናትና ልጅ አልሆንንም። ከዚያ ሐሙስ በኋላ ዓርብ ዓርብ እደውልላት ጀመር። መጀመሪያ የምናወራው ስለ ሐያት ብቻ ነበር፤ ቀጥሎ ስለ ዋጋ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጉልበቷ። ከትምህርት ስላስወጣችኝ ነገር ግን ሁለታችንም አንደፍርም። ሦስት ዓመት ቆይቼ ደሴ ስመለስ መጽሐፉን በድምፅ አነብላት ጀመር። ቀን ቀን፣ በር ላይ ተቀምጠን። እንደ ዘይነባ ምን በሉ እያለች አትጠይቅም፤ ዝም ብላ ምስር እየለቀመች ትሰማለች። ጨው ሜዳው ላይ ስንደርስ አልዘለልኩም። እናትየው ጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጣ የተናገረችውን ሁሉ ቃል በቃል አነበብኩላት። ከሚሞትብኝና ከምትጠላኝ የሚለውንም አነበብኩላት።

እናቴ የምስሩን ሰፌድ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ይቺ ሴት አፏ ያምርላታል» አለች። «እኔ እንዲህ የሚያምር ምክንያት አልነበረኝም። አባትሽ ሲወድቅ ፈራሁ። አንቺ ደግሞ ጠንካራ ነበርሽ፤ ሰው የሚደፍረው ጠንካራውን ነው። ሌላ የለውም።»

አሥራ አምስት ዓመት የጠበቅኩት መልስ ነው። ከመጽሐፉ መልስ ያነሰ ነበር፤ እውነት መሆኑን ግን ወዲያው አወቅኩ። መጽሐፉን ዘግቼ ሰፌዱን ከጭኗ ተቀበልኳትና የቀረውን ምስር አብረን ለቀምን።